ካዚኖ ሮያል ካላሳቀዎት፦ የ1960ዎቹን የስለላ ፓሮዲዎች ከየት መጀመር ይሻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በ1960ዎቹ በስለላ ፊልሞች ላይ የተቀለደባቸው ፊልሞች (ፓሮዲዎች) ድንቅ ናቸው ሲባል ሰምቼ የ1967ቱን ካዚኖ ሮያል ከፈትኩ። አርባ ደቂቃ ያህል አይቼ ዘጋሁት፤ ማን ማን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም። ሰዎች እነዚህን ፊልሞች እስከ ዛሬ የሚወዷቸው በወጣትነት ትዝታ ነው ወይስ እኔ የሳትኩት ነገር አለ? ልጆቼ 12 እና 15 ዓመታቸው ነው፤ አብረን ብናይ ከየትኛው ልጀምር?»

ፊልሙን መዝጋትዎ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ከእሱ መጀመርዎ ላይ ነው። ካዚኖ ሮያል መጨረሻ ላይ የሚታይ ፊልም ነው። ቀደም ያሉትን ያላየ ሰው፣ ተረት ሲያልቅ እንደ ደረሰ እንግዳ ሌላው የሚስቅበት ምክንያት አይገባውም። ትዝታ ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። ዛሬ ከሚወዷቸው ሰዎች ብዙዎቹ ፊልሞቹ ሲወጡ ገና አልተወለዱም። ጸንተው የቆዩት ቀልዳቸው በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ ነው። የተረሱት ከቆዩት ይበዛሉ፤ የተረሱበትም ምክንያት አይሰወርም።

ዓመታቱን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምጠቅሳቸው በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ዘንድ «ስልሳዎቹ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የተማሪዎች ንቅናቄ ስለሆነ ያምታታል። እዚህ የምናወራው በእኛ አቆጣጠር በግምት ከ1955 እስከ 1962 ስላለው ጊዜ ነው።

የካዚኖ ሮያል ዝብርቅርቅ የመጣው ከአሠራሩ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 ያሳተመው፣ 007 በሚባለው ሰላይ በጄምስ ቦንድ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፍ የፊልም መብት ከሌሎቹ መጻሕፍት ተለይቶ ቀድሞ ተሽጦ ነበር፤ በኋላም ቻርልስ ፌልድማን የተባለ ፕሮዲውሰር እጅ ገባ። የሌሎቹን መብት የያዙት አልበርት ብሮኮሊና ሃሪ ሳልዝማን ነበሩ። ፌልድማን ከእነሱ ጋር መስማማትም፣ ቦንድን ይጫወት የነበረውን ሾን ኮነሪን ማግኘትም አልቻለም። ስለዚህ በቁም ነገር ከመፎካከር ይልቅ በቦንድ መቀለድን መረጠ። ፊልሙ ላይ አምስት ዳይሬክተሮች ተጠቅሰዋል፦ ጆን ሂውስተን፣ ኬን ሂውዝ፣ ቫል ጌስት፣ ሮበርት ፓሪሽና ጆ ማክግራዝ። ሁሉም የየራሳቸውን ክፍል ቀረጹ። መሪ ተዋናዩ ፒተር ሴለርስ አብሮት ከሚተውነው ከኦርሰን ዌልስ ጋር ተጣልቶ አብሮት መቀረጽ አልፈልግም አለ፤ ድርሻውን ሳይጨርስም ከፊልሙ ወጣ። የጎደለውን በሌላው ተዋናይ በዴቪድ ኒቨን ትዕይንቶች መሙላት ግድ ሆነ፤ የተበጣጠሰውን የማያያዙ ሥራም ለቫል ጌስት ተሰጠ። ወጪው ከታሰበው እጥፍ ደርሶ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። በዚህ ላይ ታሪኩ ራሱ ጠላትን ለማደናገር ወኪሎቹ ሁሉ «ጄምስ ቦንድ» ተብለው እንዲጠሩ ያዛል። ማን ማን እንደሆነ ያልገባዎት አንድም ቀልዱ ያ ስለሆነ፣ አንድም ፊልሙ በጥገና የተገጣጠመ ስለሆነ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚቻለው ሌሎቹን ካዩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው የተሳሳተ ግንዛቤ ልምጣ። ብዙ ሰው የቦንድ ፊልሞች ኮስታራ ነበሩ፣ ፓሮዲዎቹ መጥተው አቀለሏቸው ብሎ ያስባል። የ1964ቱ ጎልድፊንገር አከፋፈት ይህን ያፈርሰዋል። ቦንድ ከውኃ ውስጥ ብቅ ሲል አናቱ ላይ የውሸት የባሕር ወፍ ተደፍቷል። አጥር ዘሎ ፈንጂ ካጠመደ በኋላ የጠላቂ ልብሱን ዚፕ ሲከፍት ከውስጥ ንጹሕ ነጭ የራት ግብዣ ኮት ለብሷል፤ ኮሌታው ላይም ቀይ አበባ ይሰካል። መጨረሻ ላይ የቦምቡ ሰዓት የሚቆመው 007 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። ዋናው ሥራ ራሱ እየሳቀ ነበር። የፓሮዲ ሠሪዎቹ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው፤ የሚስቅን ሰው መልሶ መሳቂያ ማድረግ ከባድ ነው። ቦንድ ላይ ቀልድ መደረብ ብቻውን አያስቅም። ቦንድ ከልቡ የሚያምንበትን ነገር ፈልጎ እዚያ ላይ መምታት ያስፈልጋል። ቦንድ የሚያምነው ችሎታው እንደማይጎድል፣ መሣሪያው እንደማይከሽፍ፣ ሴት ሁሉ እንደምትወደው፣ መሥሪያ ቤቱም ምን እንደሚያደርግ እንደሚያውቅ ነው። ጥሩዎቹ ፓሮዲዎች ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጠው ሌላውን ባለበት ተዉት።

ፓሮዲና ስላቅ ሲደባለቁም ይታያል፤ አንድ አይደሉም። ፓሮዲ የአንድን የታወቀ ሥራ መልክና ደንብ ጠብቆ ያንኑ ደንብ ለሳቅ ያውለዋል። ስላቅ ዓላማው ከፊልሙ ውጭ ያለው ዓለም ነው፤ መንግሥት፣ ኩባንያ፣ ልማድ። ጄምስ ኮበርን የተወነበት የ1967ቱ ዘ ፕሬዚደንትስ አናሊስት የስለላ ፊልም ልብስ የለበሰ ስላቅ ነው፤ ዋናው ክፉ የስልክ ኩባንያው ሆኖ ይገኛል። ምርጥ ፊልም ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ግን የሚስቅበትን ላያገኝ ይችላል።

መሣሪያውና መሥሪያ ቤቱ ላይ ከቀለዱት የሚበልጠው ጌት ስማርት ነው። ሜል ብሩክስና በክ ሄንሪ የፈጠሩት ይህ የቴሌቪዥን ተከታታይ ከመስከረም 1965 እስከ 1970 በ138 ክፍሎች ቀርቧል። ስክሪፕቱን አስቀድሞ ያየው ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለአሜሪካ የማይመጥን ነው ብሎ ስለመለሰው ሌላው ጣቢያ ኤንቢሲ ወሰደው። ዶን አዳምስ ወኪል 86ን፣ ማለትም ስማርትን፣ ባርባራ ፌልደን ወኪል 99ን ሆነው ይሠራሉ። የቀልዱ ሞተር ቀላል ነው፦ ዓለሙ ልክ እንደ ቦንድ ዓለም ነው፣ አደጋውም የእውነት ነው፣ ሰውዬው ግን አይችልም፤ አለመቻሉንም ፈጽሞ አይጠረጥርም። የመጀመሪያው ክፍል ሲከፈት ሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ስልክ ይጮኻል፤ የሚጮኸው ከስማርት ጫማ ነው። በ1965 ይህ የማይሆን ነገር ነበር። ዛሬ በስብሰባ መሐል ኪሱ የጮኸበት ሰው ሁሉ ያንን ድንጋጤ ያውቀዋል፤ ቀልዱ ያረጀ መሣሪያ ይዞ አዲስ የሆነው ለዚህ ነው።

እዚያው ክፍል ውስጥ «የጸጥታ ጉልላት» የሚባለው መሣሪያ አለ። አለቃውና ስማርት ምሥጢር ለመነጋገር ሁለት የተያያዙ ግልጽ ፕላስቲክ ጉልላቶች ከላይ ወርደው ይከድኗቸዋል። ውስጥ ያሉት አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም፤ ውጭ የቆመ ሰው ግን ይሰማል። ልጆችዎ እዚህ ጋ ካልሳቁ የምሰጠው ምክር በሙሉ አይሠራላቸውምና ሌላ ነገር ይምረጡ። መሥሪያ ቤት ገብቶ ሥራ ያቀላል የተባለ አሠራር ሥራ ሲያከብድ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ቀልድ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ስማርት መሣሪያው አይሠራም ቢባልም ደንቡ ስለሚያዝ በየጊዜው ይውረድልኝ ይላል። አለቃው እያወቀ መስማማቱ ነው የሚያስቀው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ድካም ልብ ይበሉ።

የንግግር ቀልዱም መዋቅር አለው። ስማርት በተያዘ ጊዜ ጠላቱን በውሸት ያስፈራራል፤ ጠላቱ አላምንም ሲል ቁጥሩን ይቀንሳል። በመጀመሪያው ክፍል ሰባት የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ጀልባዎች እየመጡ ነው ይላል፤ ከዚያ ወደ ስድስት ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ በመቅዘፊያ ጀልባ የመጡ ሁለት ፖሊሶች ይሆናሉ። ሦስት እርከን ነው፦ ትልቅ ውሸት፣ በትንሹ የተቀነሰ ውሸት፣ ከዚያ ገደል የሚገባ ውሸት። ሁለተኛው እርከን ባይኖር ሦስተኛው አያስቅም፤ ተመልካቹ ቅናሹ ጥቂት በጥቂት እንደሚሄድ ተስፋ ማድረግ አለበት። ይህን በአማርኛም ቢሞክሩት ይሠራል፤ ቋንቋ ላይ ያልተንጠለጠለ ቀልድ ስለሆነ።

ተቃራኒውን መንገድ የያዘው የ1966ቱ አወር ማን ፍሊንት ነው። ጀግናው ሰላይ ፍሊንት የማይችለው ነገር የለም። መንግሥት የቦንድ ዓይነት ሽጉጥና ቦርሳ ሲያቀርብለት ያልሠለጠነ ነው ብሎ ይመልሳል፤ የራሱ የሲጋራ መለኮሻ 82 ተግባር አለው፣ ሲጋር መለኮስ ከተጨመረ 83። ልቡን አቁሞ ይተኛል። ጠላት የተወው ቀስት ላይ የዓሣ ሾርባ ርዝራዥ ሲገኝ፣ ቅመሙን ለይቶ ማርሴይ ከተማ ድረስ ሄዶ ያንኑ ሾርባ እስኪያገኝ ይቀምሳል። ጄምስ ኮበርን አንዴም ፈገግታውን ለካሜራው አያካፍልም፤ ሁሉንም እንደ ተራ ሥራ ነው የሚያደርገው። የጄሪ ጎልድስሚዝ ሙዚቃም አይቀልድም፤ ለእውነተኛ የስለላ ፊልም የሚበቃ ሙዚቃ ነው። የ1997ቱ የስለላ ፓሮዲ ኦስቲን ፓወርስ ውስጥ የሚሰማው የስልክ ጥሪ ድምፅ ከፍሊንት ፊልሞች የተወሰደ ነው። በሁለተኛው የኦስቲን ፊልምም ገጸ ባሕርዩ ከሁሉ የሚወደው ፊልም ሁለተኛው የፍሊንት ፊልም፣ ኢን ላይክ ፍሊንት መሆኑን ይናገራል። ልጆችዎ ኦስቲን ፓወርስን የሚያውቁ ከሆነ ይህን ድምፅ አድምጡ ይበሏቸው።

ማት ሄልም የሚባሉትን አራት የዲን ማርቲን ፊልሞች ብዙ አልቆይባቸውም። ፕሮዲውሰሩ ኧርቪንግ አለን ቀድሞ የብሮኮሊ ሸሪክ ነበረ፤ የፍሌሚንግን መጻሕፍት ንቆ ስለተወ ቦንድ ያመለጠው ሰው ነው። ቦንድ ከገነነ በኋላ የዶናልድ ሃሚልተንን ኮስታራ የስለላ ልብ ወለዶች ገዝቶ ወደ ቀልድ ለወጣቸው። በ1966ቱ ዘ ሳይለንሰርስ ውስጥ ወደ ኋላ የሚተኩስ ሽጉጥ አለ፤ የሚይዘው ሁሉ ራሱን ይመታል። ያ ሐሳብ ግሩም ነው። ቀሪው ጊዜ ግን ዲን ማርቲን ራሱን ሆኖ የሚዝናናበት ነው፤ አደጋ ስለማይሰማው እኛም አይሰማንም።

ከብረት መጋረጃው ማዶ፣ ከሶሻሊስቱ የአውሮፓ ክፍል የመጣው ደግሞ በብዛት ያልታየና ሊታይ የሚገባ ነው። ቫትስላቭ ቮርሊቼክ በ1967 በቼኮዝሎቫኪያ የሠራው ፊልም ርዕሱ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፦ የወኪል ደብሊው4ሲ መጨረሻ በአቶ ፎውስትካ ውሻ አማካይነት። ታላቁ ወኪል የአቶሚክ ቦምብ ሳይቀር የተገጠመለት የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ይዞ ፕራግ ይገባል፤ ዓላማው በጨው ዕቃ ውስጥ የተደበቀ ሰነድ ማግኘት ነው። የአገሩ የስለላ ድርጅት ሰው ስላጠረው የሒሳብ ሠራተኛውን አቶ ፎውስትካን ከነውሻው ይልካል። እዚህ የተገለበጠው የሰውዬው ችሎታ አይደለም፤ ቦታው ነው። ልዕለ ጀግናው ተራ ሰው በሚኖርበት ከተማ ሲገባ ግርማው ሁሉ ቦታ ያጣል። ደሞዝ፣ ሒሳብ፣ ውሻ ማንሸራሸር ባለበት ዓለም የአቶሚክ ደወል ሰዓት ምን ይሠራል? ከሁሉም ፓሮዲዎች ሐሳቡ የጠራው ይህ ይመስለኛል።

ፈረንሳዮቹ በ1964 ሌ ባርቡዝን ሠርተዋል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሎትነር፣ መሪ ተዋናዩ ሊኖ ቬንቱራ ነው። አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሞቶ የፈጠራ መብቶቹን ለወጣት ሚስቱ ሲያወርስ፣ የየአገሩ ሰላዮች ዘመድና ወዳጅ መስለው ቤቷ ይሰፍራሉ። የሚሼል ኦዲያር ንግግር የፊልሙ ነፍስ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ሰው ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም።

ያልጸኑት ለምን ወደቁ? ግልጹ ማስረጃ ዘ ማን ፍሮም ዩ.ኤን.ሲ.ኤል.ኢ. የተባለው ተከታታይ ነው። በ1964 ሲጀምር አደጋና ፈገግታን መጥኖ የያዘ ሥራ ነበር። በ1966 ባትማን የተባለው ተከታታይ በቀልዱ ሲገን፣ የዩ.ኤን.ሲ.ኤል.ኢ. ሠሪዎች ሦስተኛውን ዙር ወደዚያው አዘነበሉት። በአንዱ ክፍል ጀግናው ከጎሪላ ጋር ይጨፍራል። ተመልካች ሸሸ፤ አራተኛውን ዙር ወደ ቁም ነገር ቢመልሱትም ጥር 1968 ላይ ተቋረጠ። ጎሪላው በራሱ ምንም አላበላሸም። ሰውዬው ከጎሪላ ጋር ሲጨፍር ቀልድ ውስጥ እንዳለ ካወቀ ግን ቀጥሎ ሽጉጥ ሲደገንበት ማንም አይሰጋም፤ ስጋት ሲጠፋ ሳቁም አብሮ ይጠፋል። ስማርት ከ138 ክፍሎች በአንዱም ቀልደኛ መሆኑን አላወቀም።

ሌላው የውድቀት መንገድ ዕቃውን ብቻ መኮረጅ ነው። በ1967 የጣሊያን ሠሪዎች የሾን ኮነሪን ወንድም ኒል ኮነሪን መሪ ተዋናይ አድርገው ኦኬ ኮነሪ የሚባል ፊልም አወጡ። ከቦንድ ፊልሞች በርናርድ ሊን፣ ሎይስ ማክስዌልን፣ ዳንየላ ቢያንኪን፣ አዶልፎ ቼሊንና አንቶኒ ዳውሰንን አመጡ፤ ሙዚቃውን ኤንዮ ሞሪኮኔና ብሩኖ ኒኮላይ ሠሩ። ሁሉ ነገር ተሟልቶ አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ቦንድ ከሚያምንባቸው ነገሮች የትኛውን እንደሚመቱ አልወሰኑም። ስለዚህ ፊልሙ ፓሮዲም፣ ቅጂም ሳይሆን ቀረ። ለታሪክ ፍላጎት ያለው ይየው፤ ቤተሰብ ለማሳቅ አይሆንም።

ቀልዶቹ ዛሬም የሚነድፉበት ሌላ ምክንያት ደግሞ ከእውነታው ያን ያህል አለመራቃቸው ነው። የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም ዶክተር ኖ ለንደን ላይ ጥቅምት 5 ቀን 1962 ታየ፤ በዚያው ወር አጋማሽ የኩባ ሚሳይል ቀውስ ፈነዳ። ሰው የሚስቀው በእውነት በሚፈራው ነገር ላይ ነበር። በ1975 የአሜሪካ ሴኔት አጣሪ ኮሚቴ ሲአይኤ ፊደል ካስትሮን ለመግደል ያሰባቸውን ዘዴዎች ይፋ ሲያደርግ የተመረዘ ሲጋር፣ የተበከለ የጠላቂ ልብስ፣ የሚፈነዳ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊትና የመርዝ መርፌ ያለው ብዕር ተገኙበት። በ1966 ዘ ስፓይ ዊዝ ኤ ኮልድ ኖዝ የተባለ የእንግሊዝ ፓሮዲ፣ ሰውነቱ ውስጥ መስሚያ የተቀበረበት ውሻ ለሶቪየት መሪ በስጦታ ሲላክ ያሳያል። ሲአይኤ በዚያው አሥር ዓመት ድመት ሰውነት ውስጥ ማይክሮፎንና ማስተላለፊያ እየቀበረ ይሞክር ነበር፤ በ1967 የተጻፈ ማስታወሻ ለሥራ እንደማያመች ደምድሞ ዘጋው። ሰነዱ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2001 ነው። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የጸጥታውን ጉልላት ሲያይ የሚስቀው ሳቅ ይለያል፤ ጽሑፉን የጻፉት ሰዎች ሳያውቁ እውነቱ አጠገብ ቆመው ነበር።

ከልጆች ጋር ስለሆነ የማላልፋቸው ጥንቃቄዎች አሉ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴት ብዙ ጊዜ ጌጥ ወይም ሽልማት ናት። አወር ማን ፍሊንት ውስጥ ሴቶች አእምሯቸው ተለውጦ ለወንዶች ደስታ እንዲውሉ የሚደረግበት ክፍል አለ፤ ፊልሙ ክፋት አድርጎ ቢያሳየውም ካሜራው አብሮ ይደሰታል። ጎልድፊንገር ውስጥ በጋጣው የሚሆነው ትዕይንት ቦንድ እንቢ ያለችን ሴት በጉልበት ሲይዝና ፊልሙ ይህን እንደ ፍቅር ሲቆጥር ያሳያል፤ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጌት ስማርት ላይም የእስያ ሰዎች አነጋገር መሳቂያ የሚሆንባቸው ክፍሎች አሉ፤ «ክሎው» የተባለው ጠላት የሚመጣባቸውን ይዝለሉ። የ15 ዓመቱ ልጅ ጋ ጎልድፊንገርን ሲያዩ ቆም አድርጎ ስለጋጣው ትዕይንት መነጋገር ይቻላል፤ የ12ቱን ከጌት ስማርት ማስጀመር ይሻላል። በነገራችን ላይ ወኪል 99 በዚያ ዘመን ያልተለመደች ናት፦ ከስማርት ትበልጣለች፣ መብለጧንም ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፣ ግን ስሟን እንኳ ሳንሰማ ሥራው በእሷ ይሳካል።

የሚያዩት ቅጂ ጥራት ከሚመስለው በላይ ለውጥ ያመጣል። አወር ማን ፍሊንትና ካዚኖ ሮያል የተቀረጹት ወርዱ የቁመቱ 2.35 እጥፍ በሆነ ሰፊ ምስል ነው። ለድሮ ቴሌቪዥን የተቆረጡ ቅጂዎች ወርዳቸው የቁመታቸው 1.33 እጥፍ ብቻ ነው፤ ይህ ማለት ከምስሉ 43 በመቶ ገደማ ተጥሏል ማለት ነው። ፓሮዲ ውስጥ ብዙው ቀልድ የሚቀመጠው ከተናጋሪው ጀርባና ጠርዝ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ዛሬ ባለው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ትክክለኛው ቅጂ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይኖረዋል። ጌት ስማርት በተቃራኒው መጀመሪያውኑ ለጠባቡ ስክሪን የተሠራ ስለሆነ ጥቁሩ መስመር በግራና በቀኝ መሆን አለበት፤ ስክሪኑን ሞልቶ ከመጣ ከላይና ከታች ሩቡ ተቆርጧል። የመጀመሪያው ክፍል ጥቁርና ነጭ መሆኑ ብልሽት አይደለም፤ እንዲያ ነው የተቀረጸው። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተተካበትን ቅጂ አይምረጡ፤ የዶን አዳምስ ሹል ድምፅና የሴለርስ ለስላሳ አነጋገር ከሄዱ የቀረው ግማሽ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉት። በመጀመሪያው ምሽት ጎልድፊንገርን ይዩ፤ 110 ደቂቃ ነው። ይህን መዝለል አይቻልም፤ መነሻውን የማያውቅ ሰው ቅጂው ላይ መሳቅ አይችልም። ከአንድ በላይ የቦንድ ፊልም ግን አያስፈልግም፤ መኪናው፣ የመሣሪያ ማስረከቢያው ክፍል፣ ክፉው ዕቅዱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳበት ትዕይንት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። የ12 ዓመቱ ልጅ የመሣሪያ ማስረከቢያውን ትዕይንት ብቻ ቢያይ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ምሽት የጌት ስማርትን የመጀመሪያ ክፍልና ከመጀመሪያው ዙር ሌላ ሁለት ክፍል፤ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ከሰዓት ከሩብ አያልፍም። በአንድ ቁጭታ ከሦስት በላይ አይዩ፤ ተመሳሳይ ቀልድ እየተመላለሰ በሳምንት አንዴ እንዲታይ የተጻፈ ነው፣ በተከታታይ ሲታይ ይሰለቻል። ድምፁ ላይ ከተጨመረው የተቀረጸ ሳቅ ጋር ለመላመድም ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛው አወር ማን ፍሊንት ይሁን፤ 108 ደቂቃ ነው፣ ከ15 ዓመቱ ልጅ ጋር። አራተኛው የቼኩ ፊልም፤ እዚህ ላይ ከአቶ ፎውስትካ ጋር ሁላችሁም ትስማማላችሁ። የፈረንሳዮቹን የ2006ቱን ኦኤስኤስ 117 ለራስዎ ያቆዩት፤ የ1955 ካይሮን በዚያ ዘመን የፊልም አቀራረጽ ፈጥሮ ጀግናውን በቅኝ ገዥ ትዕቢቱ የሚያጋልጥ ነው። ሰውዬው ለግብፃውያን ጉርሻ ብሎ የፈረንሳዩን ፕሬዚደንት ፎቶ ያድላል። የ1960ዎቹ ትምህርት ዛሬም እንደሚሠራ ከእሱ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ካዚኖ ሮያል ላይ የሚመለሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ 131 ደቂቃውን በአንድ ምሽት ለመጨረስ ግን አይታገሉ። በሦስት ከፍለው፣ ታሪኩን ለመከተል ሳይሞክሩ፣ እንደ ተለያዩ አጫጭር ፊልሞች ይዩት። በርት ባካራክ የሠራው ሙዚቃና ደስቲ ስፕሪንግፊልድ የዘፈነችው «ዘ ሉክ ኦቭ ላቭ» ብቻቸውን ለመመለስ በቂ ምክንያት ናቸው። የቁማር ጠረጴዛው ትዕይንት ሲደርስ፣ ሴለርስና ዌልስ በአንድ ምስል ውስጥ ስንት ጊዜ አብረው እንደሚታዩ ልጆቹ ይቁጠሩ።